በብር የተለበጠ ስሙኒ

ላሊበላ የጥንት ዕቃ መሸጫ ጎራ ብላችሁ ፲፱፻፴፮ (1936 ዓ.ም.) የተጻፈበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስሙኒ ብታገኙ ጠርዙን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ስሙኒ ክብ መዳብ ነበር። ከብሩ ሽልንግ (50 ሳንቲም) ጋር ስለሚመሳሰል አንዳንዶች በብር እየለበጡ በእጥፍ ዋጋ አሳለፉት። ስለዚህ ክቡ ተሰብስቦ ጠርዙ ሞገድ የመሰለ ስሙኒ ተተካ፤ የተጻፈበት ዓመት ግን ያው 1936 ነው።

ባለትዳሮች ሆይ፣ እኛስ? በጉባኤ ብር፣ በቤት መዳብ ሆነን ይሆን? ሰው ፊት «የኔ ፍቅር»፣ በር ሲዘጋ ኩርፊያ? መዳብ መሆን አያሳፍርም፤ ብር መስሎ ማለፍ ግን ቤት ያፈርሳል። ዛሬ ማታ ምሳሌ 26፥23ን አብራችሁ አንብቡ፤ ከዚያም የደበቃችሁትን አንድ ነገር በጌታ ፊት ለትዳር ጓደኛችሁ ንገሩ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።