ፉርሽካው ለከብት፣ ነጩ ለሰው?

ዳቦ ቆሎ ከቡና ጋር የሚቀርብ፣ ለመንገደኛ የሚሰነቅ፣ ለተማሪ ልጅም የሚቋጠር ጨው ጨው የሚል ተወዳጅ መክሰስ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ወላጅ እናቴም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚወዱት ይህንኑ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ግን ሐኪም የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ገልጾ፣ ነጭ ዱቄት ቀንሰው ከሙሉ እህል የተዘጋጀ ምግብ እንዲመርጡ መከራቸው። «እንግዲህ ዳቦ ቆሎም ቀረ ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ይህ ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ ሙሉ እህል ምን እንደሆነ እንመልከት። አንድ የስንዴ ፍሬ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም የውጩ ሽፋን፣ ወደፊት የሚበቅለው ጽንስ እና በስታርች የተሞላው ነጩ ውስጠኛ ክፍል ናቸው። ከፍሬው ክብደት 83 በመቶ ያህሉ ነጩ ክፍል ሲሆን፣ ሽፋኑ ወደ 14 በመቶ፣ ጽንሱ ደግሞ 3 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ሦስቱም በተፈጥሯዊ መጠናቸው የሚገኙበት ምግብ ሙሉ እህል ይባላል። የዱቄት ፋብሪካ ግን ከ100 ኪሎ ስንዴ ከ70 እስከ 80 ኪሎ የሚሆነውን ነጭ ዱቄት አድርጎ ያወጣና ቀሪውን ይለየዋል። ፉርሽካ የምንለውና ለከብት የምናቀርበው በአብዛኛው ይኸው የተለየው ክፍል ነው። በ100 ግራም ነጭ ዱቄት ውስጥ የሚገኘው አሰር ወደ 3 ግራም ሲሆን፣ በሙሉ ስንዴ ዱቄት ውስጥ ግን ከ10 ግራም ይበልጣል። ፋብሪካው ይህን የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጽንሱ ውስጥ ያለው ዘይት ዱቄቱ ቶሎ እንዲበላሽ ስለሚያደርግ ነጩ ዱቄት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ይህን ይዤ በምኖርበት በላፍቶ አካባቢ ከሱቅ ወደ ሱቅ ተዘዋወርኩ። በላስቲክ የታሸገ ዳቦ ቆሎ ሞልቷል። ዳሩ ግን ባየኋቸው ጥቅሎች ላይ የተጻፈው «የስንዴ ዱቄት፣ ዘይት፣ ጨው፣ በርበሬ» የሚል ብቻ ነበር። ነጩም ዱቄት ሙሉውም ዱቄት የስንዴ ዱቄት ስለሆነ፣ ይህ አነጋገር ሐሰት ባይሆንም ለገዢው የሚነግረው ነገር የለም። አንዲት ባለሱቅ ጠቆር ያለውን አንስተው «ይሄ ጥቁር ስንዴ ነው» አሉኝ። ነገር ግን ቀለም ምስክር አይሆንም። ሊጥ በእሳት ሲጋል የፕሮቲንና የስኳር ሞለኪዩሎች ተዋህደው ቡናማ ቀለምና ደስ የሚል መዓዛ እንደሚፈጥሩ ፈረንሳዊው ሊቅ ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. ገልጿል። ስለዚህ ከነጭ ዱቄት የተሠራ ዳቦ ቆሎም ምጣድ ላይ ሲቆይ ይጠቁራል፤ በርበሬ ሲጨመርበትማ ይብሱን ይጠቁራል።

በመጨረሻ መልሱን ያገኘሁት ከሰፈራችን ወፍጮ ቤት ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ስንዴው እንዳለ ነው የሚፈጨው፤ የሚነፉት ቤት ወስዳችሁ ነው» አለኝ ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት። እውነት ነው፤ ፋብሪካው በማሽን የሚሠራውን እኛ በወንፊት እንሠራዋለን። አምስት ኪሎ ስንዴ አስፈጭቼ ሳይነፋ ወደ ቤት ወሰድኩት።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ሊጡን በመዳፍ እያንከባለልን እንደ ገመድ ለማስረዘም ስንሞክር ተቆራረጠ። የሽፋኑ ስብርባሪ ከነጩ ክፍል ይልቅ ብዙ ውኃ ከመምጠጡም በላይ፣ ሊጡን አያይዞ የሚይዘውን የግሉተን መረብ ይበጥሰዋል። ውኃ ጨምረን፣ ሊጡንም ግማሽ ሰዓት ያህል አሳርፈን ስንሞክር ግን ታዘዘልን። እናቴ ቀምሰው «ስንዴ ስንዴ ይላል» አሉ። ይህ አባባላቸው ሙገሳ ይሁን ወቀሳ ለጊዜው አልገባኝም ነበር፤ እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሲመልሱ ግን ገባኝ።

ይሁን እንጂ ሙሉ እህል መድኃኒት እንዳልሆነ ሊሰመርበት ይገባል። አንደኛ፣ ጨውና ዘይቱ እንዳሉ ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። በአንድ ኪሎ ዱቄት 10 ግራም ጨው ከጨመርን፣ 100 ግራም ዱቄት የፈጀ ዳቦ ቆሎ የበላ ሰው የዚህን አንድ አምስተኛ በመክሰስ ብቻ ጨርሷል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ዱቄት ምንም ሙሉ ቢሆን ዱቄት ነው። ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ጎናቸው 1 ሚሊ ሜትር ወደሆነ ትንንሽ ኩቦች ቢከፋፈል፣ የገጽታ ስፋቱ ከ6 ወደ 60 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ያድጋል። እህልም በላመ ቁጥር ለምግብ ፈጪ ኢንዛይሞች የሚጋለጠው ገጽታው ስለሚሰፋ፣ ስታርቹ ፈጥኖ ወደ ስኳር ይለወጣል። በዚህ ረገድ የገብስ ቆሎ ከዳቦ ቆሎ ይበልጣል። ሲፈተግ የሚወገደው በዋናነት የማይበላው ገለባ በመሆኑ፣ ከመጠን በላይ ካልተፈተገ በቀር ፍሬው ከነሽፋኑና ከነጽንሱ ይቆያል፤ የሚፈጨውም በገዛ ጥርሳችን ነው። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለሁ «ሙሉ እህል» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ጥቅሎች በውድ ዋጋ እገዛ ነበር፤ እናቴ ቋጥረው በላኩልኝ ቆሎ ላይ ግን ምንም አልተጻፈበትም ነበር።

እንግዲህ የምጠይቀው ነገር ብዙ ወጪ የሚያስከትል አይደለም። ዳቦ ቆሎ አሽገው የሚሸጡ ሁሉ «የስንዴ ዱቄት» በሚለው ላይ «ነጭ» ወይም «ሙሉ» የሚል አንዲት ቃል ይጨምሩ። ሁለቱን የቀላቀለም ምን ያህሉ ሙሉ እንደሆነ በመቶኛ ይግለጽ። በቤቱ የሚያዘጋጅ ደግሞ ወንፊቱን ከማንሳቱ በፊት የሚያስቀረው ምን እንደሆነ ያስብ። ፉርሽካ ለወተት ላሞቻችን ጠቃሚ መኖ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሐኪም ከነጭ ዱቄት ራቁ ያላቸው እናቶች፣ የሚወዱት መክሰስ ከምን እንደተሠራ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ አንብበው ማወቅ ሊሳናቸው አይገባም።