ደብተሩ ሳለ መድኃኒቱ እንዳይጠፋ

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ የተናገሩት ቃል የጤና መድንን ትርጉም አሳጥሮ የሚገልጽ ነው። ጤነኛው ከሕመምተኛው ጋራ በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ የታመመው ይታከምበታል። ይህ ማኅበረሰብ አቀፍ መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ስፍራዎች አንዱ ለእኛ ቅርብ የሆነው ይርጋለም ነበረ። መክፈል የማይችለው ድኻም መዋጮውን መንግሥት እንዲከፍልለት ተደርጓል።

ለገደብ ገበሬ ይህ ሥርዓት እጅግ የተስማማ ነው። የቡናው ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ ይገባል፤ መዋጮውም በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል። ስኳር በሽታ ግን የቡናን መድረስ አይጠብቅም፤ መድኃኒቱን በየቀኑ፣ እስከ ዕድሜ ልክ ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት የፈለግነው ጉድለትም የሚገኘው በዚሁ ላይ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እናት እግራቸው ቆስሎ ወደ እኛ መጡ። መዋጮአቸውን ሳያጓድሉ የከፈሉ፣ የመድን ደብተራቸውንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙ ነበሩ። ነገር ግን መድኃኒት ሊወስዱ በሄዱ ቁጥር «አልቋል፤ ከውጭ ይግዙ» ይባሉ ስለ ነበር፣ በእጃቸው የቀረውን ኪኒን ለሁለት እየከፈሉ መዋጥ ጀምረው ኖሯል። ለምን አልነገሩንም ብለን ብንጠይቃቸው «ደብተሩ እያለኝ መግዣ የለኝም ማለት አፈርኩ» አሉን። ማፈር የሚገባን ግን እኛ ነበርን።

አሳባችን እንዲህ ነው። መድኑ ሊሸከመው የሚገባው የምርመራውን ወጪ ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱንም መገኘት ጭምር ነው። ሜትፎርሚን ወይም ኢንሱሊን በጤና ጣቢያው በታጣ ጊዜ፣ ታማሚው መድኑ ከተዋዋለው ሌላ መድኃኒት ቤት ያለ ክፍያ ይውሰድ፤ ሒሳቡንም መድኑ ይክፈል። ሕመሙ ለተረጋጋለት ሰው የሁለት ወይም የሦስት ወር ኪኒን በአንድ ጊዜ ይሰጠው። ወጪው ይበዛል የሚል ቢኖር፣ ስኳሩ ያልተገታ ሰው እግሩ ሲቆረጥ፣ ዓይኑ ሲጠፋ፣ ኩላሊቱ ሲደክም የሚወጣውን ገንዘብ ያስላ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በኢንሱሊን ለሚኖር ሕፃንማ ጉዳዩ የቀናት ጉዳይ ነው። ይህ መድኃኒት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1922 በቶሮንቶ ከተማ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ከተሰጠ በኋላ፣ የሥራው ባለቤቶች መብታቸውን በአንድ በአንድ ዶላር ለዩኒቨርሲቲው አስረከቡ። መምህራን ሆይ፣ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ለሽንት ደጋግሞ የሚወጣ፣ እየበላም የሚከሳ ተማሪ ስታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ላኩት።

ክብደት ስለሚቀንሱት አዳዲስ መርፌዎች፣ እንደ ሴማግሉታይድ ስላሉት፣ አንዳንድ የከተማ ሰዎች ይጠይቁናል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2025 ከስኳር በሽታ ጋራ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምና ከፍተኛ ውፍረት ላለባቸው ሰዎች እነዚህን መድኃኒቶች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ዋጋቸው ግን ከባድ ነው። ርካሹ ኪኒን ለሁሉ ሳይዳረስ ውዱ መርፌ ለጥቂቶች በጋራ ገንዘብ ይገዛ ማለት ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ዋጋቸው ሲቀንስ በእርግጥ ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን በሩ ይከፈት፤ ለመልክ ማሳመሪያ ግን መድኑ አይክፈል። ቦርጭ የባለጠግነት ምልክት ነው የሚለውን አሮጌ አሳብ ትተን በእግር መሄድና ስኳር መቀነስ ዛሬውኑ ያለ መዋጮ ልንጀምረው እንችላለን።

እንግዲህ ማንበብና መጻፍ የምትችሉ ሁሉ፣ ድምፃቸው ለማይሰማ ጎረቤቶቻችሁ ቃል ሁኑላቸው። የመድኑ ሒሳብ በጉባኤ ሲቀርብ ስንት ብር እንደ ተሰበሰበ ብቻ አትጠይቁ፤ የስኳር መድኃኒት በዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን ጠፍቶ እንደ ዋለም ጠይቁ።