ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስሠራ፣ ምስክር ሳይሰማ እንዳይፈረድ የሚያዝዘውን ቃል ስንት ጊዜ በእጄ ጽፌዋለሁ። ዳሩ ግን በገዛ ቤቴ ዘንግቼው ተገኘሁ። ነገሩ ልጅና ላፕቶፕ በቤቱ ላለው ሰው ሁሉ ትምህርት ይሆናልና ሳላፍር እናገረዋለሁ።

በአሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ለፋሲካ በዓል ከሱቅ የገዛቸውን ሦስት የፊልም ዲቪዲዎች ላከልን። እናታችን ከልጃቸው የመጣውን ለማየት ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀመጡ። ላፕቶፑ ግን ዲስኩን ጥቂት አዙሮ እንቢ አለ። እኔም ወዲያው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄን «ነካክተህ ያበላሸኸው አንተ ነህ» ብዬ በአያቱ ፊት ገሠጽሁት። ልጁም አንዲት ቃል ሳይመልስ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በማግሥቱ ነገሩን በሥርዓት መረመርሁት። የምርመራውም መንገድ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ዲስኩን መመልከት ይገባል። አቧራ ወይም የጣት አሻራ ቢኖርበት በለስላሳ ጨርቅ ከመካከሉ ወደ ጠርዙ ቀጥ አድርጎ መጥረግ ነው እንጂ እያዞሩ ማሸት አይገባም። ዙሪያውን የሚሄድ ጭረት የጽሕፈቱን መሥመር ስለሚከተል ጉዳቱ የባሰ ነው።

ሁለተኛ፣ ዲስኩ በሚገባበት ሥፍራ ላይ የዲቪዲ ምልክት መኖሩን ማየት ነው። ለሲዲ ብቻ የተሠራው የሚያነብበት ብርሃን ልዩ ስለ ሆነ ዲቪዲን ሊያነብ አይችልም።

ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙን መመርመር ነው። በ2005 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012) ዊንዶውስ 8 ከወጣ ጀምሮ የዲቪዲ ፊልም የሚያጫውተው ክፍል ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መምጣቱ ቀርቷል። ስለዚህ ቪኤልሲን የመሰለ፣ ያለ ዋጋ የሚገኝ ማጫወቻ መጫን ያስፈልጋል።

አራተኛውና የእኛን ቤት ያወከው ምክንያት የክፍለ ዓለም ቍጥር ነው። የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን ከፋፍለው ለየክፍሉ ቍጥር ሰጥተዋል፤ ይኸውም ለአሜሪካ 1፣ ለአውሮፓ፣ ለጃፓንና ለመካከለኛው ምሥራቅ 2፣ ለአገራችንና ለአብዛኛው አፍሪካ 5 ነው። ቍጥሩም በማኅደሩ ጀርባ በትንሽ የምድር ሉል ሥዕል ላይ ይገኛል። በቤት የተቀዳ ዲስክ ይህ ቍጥር ስለሌለበት ያለ ችግር ሲጫወት፣ ከሱቅ የተገዛው እንቢ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። የእኛ ላፕቶፕ ቀድሞ ከዱባይ ለመጣ ፊልም ሲባል በ2 ተደርጎ ነበርና የአሜሪካውን 1 አልቀበል አለ።

ይህን ባወቅሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ ወደ 1 ለወጥሁት። ባለቤቴ የዱባዩን ፊልም ብትሻ ወደ 2፣ እናቴ የልጃቸውን ቢሹ ደግሞ ወደ 1 መለስሁት። በእንግሊዝኛ የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ ግን አላነበብሁትም። በዚህ ጊዜ ልጄ ከኋላዬ ቆሞ ኖሮ «አባባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቷል ይላል» አለኝ። እውነትም ነው፤ ይህ ቍጥር ከአምስት ጊዜ በላይ እንዳይለወጥ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ በአምስተኛው ላይ ያለው እንደ ጸና ይቀራል። የቀረውን ልክ ለማወቅ የሚሻ ሰው በዊንዶውስ «ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ የዲቪዲውን ስም ከፍቶ «ሪጅን» በሚለው ሥር ያገኘዋል።

ልጄ ዝም ብሎ ቢሄድ ኖሮ የመጨረሻውንም በችኮላዬ አጠፋው ነበር። ያበላሸ ነው ያልሁት ልጅ ያዳነ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በእናቴ ፊት ገሥጬው ነበርና በእናቴ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። እሳቸውም «ደግ አደረግህ፤ አሁን ፊልሙን ክፈቱልኝ» አሉ።

ዲስክ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። ያለ ጥፋቱ የተገሠጸ ልጅ ግን እውነቱን ካልነገሩት በቀር ቂሙን ይዞ ያድጋል።