ጥቁረትን ከጨለማ ጋር ማን ቀላቀለው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ለበዓል በሚዘጋጅ መንፈሳዊ ተውኔት ሰይጣንን ሆኖ የሚጫወት ልጅ ሲፈለግ የአዘጋጆቹ ዓይን አስቀድሞ በማን ላይ ያርፋል? መልሱን ታውቁታላችሁ። ከልጆቹ ሁሉ መልኩ የጠቆረው ይመረጣል፤ አዳራሹ ይስቃል፤ ልጁም አብሮ ይስቃል። ይህን ሳቅ የምንቃወመው ለጨዋነት ብለን ብቻ አይደለም፤ የተሳሳተ ትምህርት ስላለበት ነው።

ጥቁር የሚለው ቃል በቋንቋችን ብዙ ሥራ አለው። አይተነው የማናውቀውንና በክብር የምንቀበለውን ሰው ጥቁር እንግዳ እንለዋለን። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያን ለመውጋት የተሰባሰቡ አርበኞች ማኅበራቸውን ጥቁር አንበሳ ብለው ሰይመዋል። በብራና መጻሕፍታችን ቅዱሳት ስሞች በቀይ ይጻፉ እንጂ ንባቡ የሚሄደው በጥቁር ቀለም ነው። የሐዘን ልብስ ጥቁር ነው፤ የጳጳሳት ቀሚስም ጥቁር ነው። በሌላ በኩል የተቆጣ ሰው ፊቱን ያጠቁራል፤ ከሕግ ውጭ የሚሸጠው ዶላርም ጥቁር ገበያ ይወጣል። በዚህ ማንም አይደናገርም። ጥፋቱ የሚመጣው ከእነዚህ ትርጕሞች ክፉውን መርጠን በሰው ቆዳ ላይ ስንለጥፈው ነው።

ለመደባለቁ አንድ ምክንያት ቋንቋው ራሱ ሳይሆን አይቀርም። በግእዝ ጸሊም ማለት ጥቁር ነው፤ ጽልመት ደግሞ ጨለማ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው። አማርኛ ግን ጥቁርና ጨለማ ብሎ ለይቷቸዋል፤ መልካም አደረገ። ጨለማ የብርሃን መጥፋት ነው። ጥቁር መልክ ግን እግዚአብሔር የፈጠረው መልክ ነው።

ኃጢአት ጥቁር ነው የሚል ሰባኪ ትንቢተ ኢሳይያስን ምዕራፍ 1 ቁጥር 18 ገልጦ ይመልከት። ነቢዩ ኃጢአትን በቀለም ሲመስል የመረጠው ቀይን ነው፤ የአለላንና የደምን መልክ። ታዲያ ይህን ቃል ይዞ ቀይ መልክ ያለውን ሰው ኃጢአተኛ ያለ ማን አለ? እንዲያውም «ቀይ ናት» ማለት በየሰፈሩ ሙገሳ ነው። ምሳሌውን ምሳሌ አድርጎ መተው እንደምንችል በቀዩ ላይ አሳይተናል፤ በጥቁሩ ላይ ለምን አቃተን?

ኤርምያስ 13፥23ን የሚጠቅስም አይጠፋም። ነቢዩ በዚያ ስለ ኢትዮጵያዊ መልክና ስለ ነብር ዝንጕርጕርነት በአንድ እስትንፋስ ይናገራል፤ ነገሩም የተፈጥሮን አለመለወጥ የሚመለከት ነው። የነብሩ ዝንጕርጕርነት ኃጢአት ካልሆነ የሰውየው መልክም አይደለም።

ከሁሉ የከፋው «ካም ተረግሞ ጠቆረ» የሚለው ወሬ ነው። ዘፍጥረት 9፥25 እርግማኑን የሚያሳርፈው በከነዓን ላይ ነው። በምዕራፍ 10 የካም ልጆች 4 ናቸው፦ ኩሽ፣ ምጽራይም፣ ፉጥና ከነዓን። ኩሽ አልተረገመም፤ ስለ ቆዳ ቀለምም በታሪኩ አንዲት ቃል የለችም። ይህን የሐሰት ትርጓሜ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ባርነትን የሚደግፉ ሰባክያን ለጌቶቻቸው ጥቅም ይዘውት ዞሩ። የሚያሳፍረው የተሰደበው ወገን ልጆች ዛሬ በገዛ አፋቸው መድገማቸው ነው። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ «ባሪያ» የሚለው ስድብ ግን ዛሬም ከአንዳንዱ የምእመን አፍ ይወጣል፤ ያውም ከቅዳሴ መልስ።

መጽሐፉስ ጥቁረትን እንዴት ይዞታል? በመኃልየ መኃልይ ሙሽራዪቱ ጥቁረቷንም ውበቷንም አብራ ትናገራለች። የግሪኩ ትርጕም ሁለቱን «እና» በሚል ቃል ሲያያይዛቸው የላቲኑ «ነገር ግን» ብሎ ለያቸው፤ በዚህች ትንሽ ቃል ስንት ዘመን ተጎዳን! በአንጾኪያ በጳውሎስና በበርናባስ ላይ እጃቸውን ጭነው ከላኳቸው መካከል ኔጌር የተባለው ስምዖን ነበረ፤ ቅጽሉ በላቲን ጥቁር ማለት ነው። ሰኔ 24 የምናከብረውን የአስቄጥሱን ሙሴንም ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ጸሊም ብላ ትጠራዋለች፤ ስሙ ነውር ቢሆን ኖሮ ባላቆየችው ነበር። ቅስና ተቀብሎ ነጭ በለበሰ ዕለት ጳጳሱ «አሁን ነጭ ሆንህ» ቢለው፣ ሙሴ ጉዳዩ የውስጡ መሆኑን እንደ መለሰለት ይተረካል።

እናቶች ልጆቻችሁን «ጠቆርሽ» ብላችሁ ስታሳቅቁ፣ እኅቶችም መልክ የሚያቀላ ቅባት ስትገዙ ዘኍልቍ ምዕራፍ 12ን አንብቡ። ማርያም የአሮን እኅት ሙሴ ባገባት ኢትዮጵያዊት ሴት ምክንያት ተናገረች፤ በለምጽም ተመታች፤ ለምጹም እንደ በረዶ ነጭ ነበር። ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተዘጋባት፤ ሕዝቡም ሁሉ እርስዋ እስክትመለስ ድረስ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ይቆየን።