የተጣለው ሲም ካርድ የሚከፍተው በር

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ ሻንጣውን ሲያሰናዳ ፓስፖርቱን፣ የትምህርት ማስረጃውንና በርበሬውን አይረሳም። የሚረሳው የስልክ ቁጥሩን ነው። የአገር ቤቱ ሲም ካርድ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ አለዚያም በደረሰበት አገር በአዲስ ሲተካ ይጠፋል። ቁጥሩ ግን አይሞትም። አገልግሎቱ የተቋረጠ ቁጥር ውሎ አድሮ ለሌላ ደንበኛ መሰጠቱ በቴሌኮሙ ዓለም የተለመደ አሠራር ነው።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ የሚያውቁት ሰውየውን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። አዲሱ የቁጥሩ ባለቤት መተግበሪያውን ጭኖ ቁጥሩን ሲያስገባ የማረጋገጫ ኮዱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለእርሱ ሊደርሰው ይችላል። ተማሪው ሁለተኛ የይለፍ ቃል ካላበጀ፣ በቴሌግራም ያከማቸው የዓመታት ጭውውት፣ የፓስፖርቱ ቅጂ ሳይቀር፣ በማያውቀው ሰው እጅ ይገባል፤ የቴሌግራም ተራ ጭውውት የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነውና። በዋትስአፕ የቆየው መልእክት ባይገለጥም በቀድሞው ቁጥር አዲስ መልእክት መጻፍ ይቻላል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የሚኖር ዘመድ «የቤት ኪራይ ጎደለኝ» የሚል ጽሑፍ ከሚያውቀው ቁጥር ሲደርሰው፣ ጠርጥሮ የሚደውለው ስንቱ ነው?

ነገሩ ተራ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለት ትልልቅ የአሜሪካ የቴሌኮም ኩባንያዎች ለአዲስ ደንበኞች ካቀረቧቸው ቁጥሮች 259ኙን ፈትሸው፣ 171ዱ በታወቁ ድረ ገጾች ላይ ካሉ አካውንቶች ጋር እንደተያያዙ አግኝተዋቸዋል። በዚያው አገር የተቋረጠ ቁጥር ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት እንዲቆይ ሕግ የሚያስገድደው ቢያንስ 45 ቀን ነው፤ የአንድ ሴሚስተር እኩሌታ እንኳ አይሞላም።

ተማሪዎች ግዴለሾች ናቸው የሚለው የተለመደ ወቀሳ ግን ፍትሐዊ አይደለም። አክስት የምታየውን ገጽ ጓደኛ ከሚያየው ይለያሉ፤ መጨረሻ የታዩበትን ሰዓት ይደብቃሉ። ከዘመድ ዓይን ለመሰወር የሚያሳዩት ጥበብ የደኅንነት ባለሙያን ያስቀናል። ጥበቡ ሁሉ ግን ከሚያውቁት ሰው ለመሸሸግ የዋለ ነው፤ ለማያውቁት የቀረው በር ክፍት ነው።

ዋናው ተጠያቂ በሩን እንዲህ አድርጎ የሠራው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ በስልክ መስመር የሚላክን ኮድ በገደብ ብቻ ከሚፈቀዱት ጎራ መድቦታል። ሆኖም ቴሌግራም ሁለተኛውን የይለፍ ቃል ዛሬም ለተጠቃሚው ምርጫ ትቶታል። ስንት ተማሪ ቅንብሩን ከፍቶ ይፈልገዋል? መተግበሪያው ገና በመጀመሪያው ቀን ሊጠይቅ ይገባው ነበር።

እስከዚያው የአዲሱ አገር ሲም በእጅ በገባ ቀን፣ የቀድሞው አካውንት ሳይዘጋ፣ በቅንብሩ ውስጥ ባለው ቁጥር የመቀየሪያ አማራጭ አካውንቱን ወደ አዲሱ ቁጥር ማዛወር ይቻላል፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ከባንክ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ቁጥር ግን እንዲህ በቀላሉ አይዛወርም። ሲሙን ለእናት ወይም ለሚታመን እህት ትቶ፣ በየጊዜው ካርድ እየተሞላለት በሕይወት እንዲቆይ ማድረግ ይሻላል፤ ያን ሲም የያዘ ሰው የሒሳቡን ቁልፍ እንደያዘ ለእርሷም አስረድቶ።