ባለቤቱ ያልታወቀ ጥንታዊ ዕቃ ቤት አያስጌጥም

በካርቱም ይኖር የነበረ የአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሳሎን ምን ይመስል እንደ ነበር ለዚህ ዓምድ አንባቢ መተረክ ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። በዴም ሰፈር በሩን አልፎ የገባ እንግዳ አስቀድሞ የሚያየው ዳንቴል የለበሰውን ሶፋ፣ በጥግ የቆመውን መሶብ፣ በረከቦቱ ላይ የተደረደሩትን ሲኒዎችና ከከሰል ምድጃው አጠገብ የተቀመጠችውን ጀበና ነበር። እነዚህን ዕቃዎች «ጥንታዊ ናቸው» ብሎ የሰበሰባቸው ሰው አልነበረም። መሶቡ እንጀራ ይቀርብበት፣ ጀበናዋ ቡና ይፈላባት ስለ ነበር ብቻ በቤቱ ኖሩ፤ በመኖራቸውም አረጁ፤ በማርጀታቸውም ተወደዱ።

ዘመን አመጣሹ ልማድ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል። በአገር ቤትም ሆነ በውጭ የሚኖረው ወገን «ሬትሮ» በሚባለው የጥንቱን ዘመን በሚያስመስል የቤት አስተዳደግ ሳይሆን የቤት አጊያጌጥ ተማርኮ፣ መሶቡን ባዶውን ለዕይታ ያቆመዋል፤ ጀበናዋን በመስታወት ቁም ሳጥን ይዘጋባታል፤ ድምፅ የማያወጣ የሸክላ ማጫወቻ ገዝቶ በሳሎኑ መካከል ያስቀምጣል። ነገሩ እስከዚህ ድረስ የግል ምርጫ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን ዕቃው ከአገልግሎቱ ተለይቶ መልኩ ብቻ ሲፈለግ፣ «ይህ የማን ነበር?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ይረሳል። በዛሬዋ ካርቱም ደግሞ አሮጌ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ የለም።

አንድ ዕቃ ለምሳሌ ይወሰድ። ሱዳናውያን «አንገረብ» የሚሉት፣ በእንጨት እግሮች ላይ ገመድ ወይም ጠፍር ተወጥሮ የሚሠራው አልጋ የኢትዮጵያው የጠፍር አልጋ የቅርብ ዘመድ ነው። በሰሜን ሱዳን በከርማ የተቆፈሩት መቃብሮች እንዳሳዩት፣ የአካባቢው ሰዎች ከዛሬ 3,500 ዓመታት በፊት ሙታናቸውን በእንዲህ ያለ አልጋ ላይ አስተኝተው ይቀብሩ ነበር። በሱዳን ሙሽሮች ለሠርጋቸው ሥርዓት የሚቀመጡት በአንገረብ ላይ ነው፤ አስከሬንም ወደ መቃብር የሚሸኘው በአንገረብ ነው። የብረት አልጋና የስፖንጅ ፍራሽ በመጡ ጊዜ ግን በሁለቱም አገሮች ብዙ ቤተሰብ ይህን አልጋ የድህነት ምልክት አድርጎ ወደ ጓሮ ገፋው። ዛሬ ያው አልጋ ተወልውሎ «አንቲክ» በሚል ስም ሲመለስ፣ የአያቱን አልጋ ለማገዶ የሰጠ ሰው የሌላውን አያት አልጋ በውድ ዋጋ ገዝቶ ያስገባል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ይህ ሁሉ በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ኖሮ በፈገግታ የሚታለፍ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት ግን የአሮጌ ዕቃን ትርጉም ለወጠው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ በሩን ቆልፎ፣ ልጁን አዝሎ ወጣ። ከኢትዮጵያውያኑም ብዙዎች በመተማ በኩል በእጅ የሚያዘውን ብቻ ይዘው ተሻገሩ። ከኋላ የቀረው ቤት ተሰበረ፤ ቁም ሳጥኑ፣ አልጋው፣ ማቀዝቀዣው፣ ምንጣፉ ተጫነ። የተዘረፈው ዕቃ በአደባባይ የሚቸበቸብባቸውን ገበያዎች ሕዝቡ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል አዛዥ ስም «የደጋሎ ገበያ» ብሎ ሰየማቸው። በስሙ ውስጥ ፍርድ አለ፤ ሻጩም ገዢውም ዕቃው ከየት እንደ መጣ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ዘረፋው በግለሰብ ቤት አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከአስዋን ግድብ ውኃ የተረፉት የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች በግቢው የቆሙበት፣ ከፋራስ ካቴድራል የተነሡት የኑብያ ክርስቲያኖች የግድግዳ ሥዕሎች ያረፉበት ቤት፣ ራሱ ተዘርፏል። ዩኔስኮ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሕዝቡና የጥበብ ዕቃ ነጋዴዎች የሱዳንን ባህላዊ ንብረት ከመግዛትና ከማስተላለፍ እንዲታቀቡ ጥሪ ያቀረበው በዚሁ ምክንያት ነበር።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ ከያዘ በኋላ ነዋሪው ቀስ በቀስ መመለስ ጀመረ። ባዶ ቤት የገባ ሰው የሚተኛበት አልጋና የሚያበስልበት ድስት ቢገዛ የሚወቅሰው የለም፤ ችግር የራሱ ሕግ አለው። ወቀሳው የሚገባው ለሌላው ገዢ ነው፤ የሚተኛበት አልጋ እያለው፣ ዋጋው ስለረከሰና መልኩ ስላማረ ብቻ በእጅ የተቀረጸ ቁም ሳጥን፣ የነሐስ የቡና ዕቃ፣ በብር የተለበጠ ሰይፍ ለሳሎኑ ለሚመርጠው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ማንም ቤተሰብ ወድዶ በዚያ ዋጋ አይሸጥም።

ለዚህ ገዢ የሚቀርቡ መከራከሪያዎች አሉ። አንደኛው «እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል» የሚል ነው። ይህ ሌባን የሚያኖር ክርክር ነው፤ ተቀባይ ባይኖር ዘራፊው ከባዱን ቁም ሳጥን ተሸክሞ የሚወጣበት ምክንያት ባልነበረው። ሁለተኛው «ገዝቼ ባላድነው ተሰብሮ ለማገዶ ይውል ነበር» የሚለው ነው። በእርግጥም ዕቃን ከእሳት ማዳን በጎ ሥራ ነው፤ ያዳነ ሰው ግን ባለቤቱን ይፈልጋል እንጂ አይወርስም። ጎረቤትን ይጠይቃል፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ያማክራል፣ ዕቃውን ፎቶ አንሥቶ ምልክቱን ይመዘግባል። ባለቤቱን ሳይፈልግ ሳሎኑን ያስዋበበት ሰው አዳኝ ለመባል አይበቃም። ሦስተኛው «በገንዘቤ ገዛሁት» የሚለው ነው። ገንዘብ የተከፈለው ግን ለባለቤቱ አይደለም።

ኢትዮጵያዊ ይህን ክርክር ከሌላው ወገን ሆኖ ያውቀዋል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ የእንግሊዝ ጦር የጫነው ዘውድና ታቦት ብቻ አልነበረም፤ መጠጫ ዋንጫ፣ ጋሻ፣ የጸሎት መጽሐፍም ነበረበት። በዘመቻው ከተሳተፈ አንድ መኮንን ቤተሰብ የወጡ የቀንድ ዋንጫዎችና አንድ የብራና መጽሐፍ በ2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለጨረታ ቀርበው ነበር። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተቃውሞ ጨረታው ቆመ፤ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቷቸው በዚያው ዓመት ከሌሎች የመቅደላ ቅርሶች ጋር ለንደን ላይ ለኤምባሲው ተረከቡ። መቶ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ እነዚያ ዋንጫዎች በአንድ ቤት የቤተሰብ ቅርስ ተብለው ኖረዋል። የልጅ ልጆቹ አልዘረፉም፤ ወረሱ እንጂ። ሆኖም የዕቃው የመጀመሪያ ታሪክ በውርስ ብዛት አልታጠበም።

ይህን የሚያስታውስና የሚቆጭ ኢትዮጵያዊ በኦምዱርማን ገበያ ከማን ቤት እንደ ወጣ ያልታወቀ የብር ዕቃ ሲያነሣ፣ ነገ የልጅ ልጁ በዚያ መኮንን ቤተሰብ ቦታ እንደሚቆም ሊያስብ ይገባዋል። የራሱን አገር ዕቃ ቢሆንም እንኳ ጥያቄው አይቀርለትም። ከብራና መጽሐፍ ተገንጥሎ በመስታወት የተገጠመ አንድ ቅጠል በሳሎን ግድግዳ ላይ ሲታይ ያምራል፤ የተገነጠለበት መጽሐፍ ግን ጎዶሎ ሆኗል። ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ እንዳይወጣ የከለከለው ለባለሥልጣን ደስታ አይደለም።

እንግዲህ ቤቱ ባዶ የሆነበት ቤተሰብ በምን ያጊጥ? የተረፈውን ይዞ ይጀምር። እናት በሻንጣዋ ጥግ ያዳነችው ዳንቴል፣ ጆሮዋ የተሰበረ ጀበና፣ ጫፉ የተቃጠለ የሠርግ ፎቶግራፍ ከየትኛውም «አንቲክ» ይበልጣሉ፤ ማን እንደ ሠራቸው፣ ማን እንደ ያዛቸው የሚናገር ሰው በቤቱ አለና። ከፎቶግራፉ ጀርባ ስምና ዓመተ ምሕረት ይጻፍበት። የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ ታሪኩ ያልተነገረውን ዕቃም ልጅ አይጠብቀውም። ይህም የሌለው አዲስ መሶብ ያሰፋ፣ አዲስ አንገረብ ከአናጢው ይዘዝ። እንጀራ ይቅረብበት፣ እንግዳ ይተኛበት፣ ልጅ ይደግበት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያ ዕቃ ያረጃል፤ ያን ጊዜ «ይህ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣ፣ የቤቱ ልጅ ሳያፍር የሚመልሰው መልስ ይኖረዋል።