ጓያና ጓዳ

ጓያን የማያውቅ የሸዋ ሰው የለም። ክረምቱ ሲወጣ፣ ለሌላው እህል ጊዜው ባለፈበት ሰዓት፣ በዋልካ መሬት ላይ በቀረችው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ዝናብ ቢቀር አይደነግጥም፣ ውኃ ቢተኛበት አይከፋውም፤ ድርቅ ጤፉንና ስንዴውን በበላበት ዓመት እርሱ ብቻውን ቆሞ ይገኛል። የድኻ የመጨረሻ ወዳጅ ነው። ወዳጅነቱ ግን እግር ያስከፍላል። ለሁለትና ለሦስት ወራት ያህል ሌላ እህል ሳይቀላቀልበት እርሱኑ ብቻ የበላ ሰው፣ ይልቁንም የጉልበት ሥራ ላይ ያለ ወጣት ወንድ፣ አንድ ማለዳ ሊነሣ ሲል እግሩ እንቢ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን በአንድ ዱላ፣ በሁለት ምርኩዝ፣ የባሰበትም እንደሆነ በዳዴ ነው። የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። አእምሮው ስለማይነካ ሁሉን እያየ፣ ሁሉን እያወቀ ይኖራል። «ጓያ ሰበረው» ይባላል።

ጓያን ያነሣሁት በአንድ ምክንያት ነው። በእኛው እግር ላይ ተጠንቶ፣ በባዕድ ቋንቋ ታትሞ፣ ወደ እኛ መመለሱ ስለ ዘገየ ዕውቀት ለመናገር ከእርሱ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

በአገራችን ይህን ሕመም በሳይንስ ዐይን ከመረመሩት መካከል የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ይጠቀሳሉ። ከባልደረቦቻቸው ጋር በደምቢያና በፎገራ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ከዚያም በ1980ዎቹ ማብቂያ፣ በሰሜን ወሎ በደላንታ ዳውንት፣ ከድርቅ በኋላ ከጓያ በቀር የተረፈ እህል ባልነበረበት ወቅት፣ ሰዎች በብዛት ተሰበሩ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ወደ ስፍራው ሄደው የተሰበሩትንና ያልተሰበሩትን እያነጻጸሩ ጠየቁ። ምን በላችሁ? እንዴት አድርጋችሁ በላችሁ? ከምን ጋር? መልሱ ላንሴት በተባለው የለንደን የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ።

የመልሱ ፍሬ ነገር ስለ ምግብ አሠራር ነው። ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና በጥሬ እሸትነቱ የበሉት ለሽባነት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። በእንጀራ፣ በቂጣና በሽሮ ወጥ መልክ በበሉት ላይ ግን ያን መሰል ተጨማሪ አደጋ አልታየም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የመሰለ ቅመም ከገባበት ወጥ ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ ደግሞ አደጋው ወደ ሩብ ዝቅ ብሎ ታየ። ጓያውን ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልም ይረዳል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ዕውቀት በሥራ ላይ ለመዋል የላቦራቶሪ መሣሪያ አይሻም። ድስት፣ ሽንኩርትና ነጋሪ ይበቃዋል። (ሽንኩርት መግዣ ያለው ሰው መች ጓያ ብቻ ይበላል የሚል ቢነሣ፣ እውነቱን ነው። ችግሩ የዕውቀት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ያንኑ አንድ ቁና ጓያ በንፍሮ ከመጨረስና ፈጭቶ በሽሮ ከመብላት መካከል መምረጥ የሚችል ድኻ አለ፤ ምርጫ እንዳለው የነገረው ግን የለም።)

ጅሩ ተወልደው ያደጉ፣ ዛሬ ደብረ ብርሃን ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንዲት እናት ስለ ጓያ ጠይቄ ነበር። «ልጄ፣ እግር የሚይዘው እንፋሎቱ ነው» አሉኝ። «ድስቱን ስትከፍቱ ፊታችሁን አትስጡ እያሉ አሳደጉን። ገለባው ላይም አያስተኙንም ነበር።» ይህ እምነት የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ አጥኚዎችም በየገጠሩ አግኝተው መዝግበውታል። እማማ ዕድሜ ልካቸውን ተጠንቅቀዋል፤ ጥንቃቄያቸው ግን ከድስቱ አፍ ላይ ቀረ እንጂ ወደ ሳህኑ አልወረደም። ቆየት ብለው ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «ንፍሮውን ለልጅ አታብዙ ይባል ነበር፤ ሽሮው ግን ምንም አይል።» ይህን ስሰማ ደነገጥሁ። የላንሴቱ ግኝት ግማሹ እዚያው ጓዳ ውስጥ፣ ከእንፋሎቱ ወሬ ጋር ተደባልቆ ተቀምጦ ኖሯል። እውነቱን ከወሬው ለይቶ፣ «እማማ፣ ይህኛውን ይያዙ፣ ያኛውን ይተዉ» የሚላቸው ሰው ነው የጠፋው።

ይህ ሰው ለምን ጠፋ? አንድ ጊዜ በአንድ የምርምር ዐውደ ጥናት ላይ ታድሜ ነበር። ስለ ዞናችን እናቶችና ሕፃናት የተሠሩ ጥናቶች እየተከታተሉ ቀረቡ። አቅራቢውም አማርኛ አፉን የፈታ፣ አድማጩም አማርኛ አፉን የፈታ፤ ንግግሩ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንግሊዝኛ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ የእድር ሊቀመንበር እስከ ሻይ ዕረፍቱ በትዕግሥት ተቀምጠው፣ ከሻዩ በኋላ አልተመለሱም። እኔም አልፈረድኩባቸውም። በተመራማሪዎቹ ላይም ብዙ መፍረድ አልችልም፤ ዕድገት የሚያገኙት በታተመ ጽሑፍ እንጂ በሰንበቴ ቤት ባደረጉት ንግግር አይደለምና። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት የተባሉ ሦስት ተግባራት አሉባቸው፤ ሦስተኛው ግን ሁልጊዜ የእንጀራ ልጅ ነው። እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን ብቻ ማየት ይሏችኋል ይህ ነው።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና ምሳሌዬ ከመስኮቴ አይርቅም። አንዲት እናት መቶ ብር ቢያስቀምጡ ደረሰኝ ይዘው ይወጣሉ፤ ማንበብ ባይችሉ እንኳ የጣት አሻራቸው ከየት እንደዋለ ይነገራቸዋል። ደማቸውን፣ የልጃቸውን ክብደት፣ የወሊዳቸውን ታሪክ ለጥናት የሰጡት እኚያው እናትስ? ፈርመው ሰጥተዋል፤ አጥኚው አመስግኖ ሄዷል። ገንዘቡ ምን ላይ እንደደረሰ የሚነግራቸው ግን አይመጣም።

የአንኮበር ነገር ደግሞ ከዚህም ይጠልቃል። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ተራራው ወደ ቆላው ሊወረወር ባለበት አፋፍ ላይ ያለው የአንኮበር ወረዳ በዕፀዋት የታደለ ነው። ኤርሚያስ ሉለቃልና ባልደረቦቻቸው በዚያ ወረዳ ለሰው ሕመም መድኃኒትነት የሚያገለግሉ 135 የዕፀዋት ዓይነቶችን መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። ግሩም ሥራ ነው። ማንም በነጻ ሊያነበው ይችላል፤ እንግሊዝኛ ይቻል እንጂ። ያን ዕውቀት የሰጡት ግን የአንኮበር ሰዎች ናቸው፤ አባት ለመረጠው ልጅ ብቻ በጆሮው የሚነግረውን ምስጢር ለእንግዳ የገለጡ ሰዎች። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በዕውቀቱ ላይ የመፍቀድና ከጥቅሙ የመካፈል መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኔ ግን ከገንዘቡ ጥቅም በፊት አንድ ትንሽ ነገር እመኛለሁ። እነዚያ 135 ዕፀዋት ስማቸው በግእዝ ፊደል ተጽፎ፣ ከነአገልግሎታቸውና ከነአደጋቸው፣ በአንድ ቀጭን መጽሐፍ ታትመው በየአንኮበር ትምህርት ቤቱ ቢገኙ! የአያቱን ዕውቀት ያላፈረበት ልጅ ምናልባት ነገ መርማሪው እርሱ ይሆናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉት በወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን አይተው እንደሆነ አንርሳ።

ሕዝብን መንገር ቀላል ነው አላልሁም። ግማሽ ቃል ከዝምታ ይከፋል። በወላይታ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣውን የእግር እብጠት ያጠኑ ሰዎች ይህን አይተዋል። ሕመሙ የዘር ተጋላጭነት አለው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የዘረ መል ጥናት ተደግፏል። «በዘር ይመጣል» የምትለው ቃል ግን ብቻዋን መንደር ውስጥ ብትለቀቅ ሴት ልጅ ባል ታጣለች፤ ቤተሰብ ከማኅበር ይገለላል። ታማሚዎችም ይህንኑ ፈርተው በጥናቱ ለመሳተፍ ሲያመነቱ ታይተዋል። ሁለተኛው ቃል አብሮ መነገር አለበት፤ ጫማ ይከላከለዋል፣ እግርን በሳሙና መታጠብና ቅባት መቀባት ሥቃዩን ያቀልለዋል። ይህንም በምሥራቅ ጎጃም በመቶዎች በሚቆጠሩ ታማሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ አረጋግጧል። የትኛው ቃል ቀድሞ፣ በማን አንደበት፣ በየትኛው ዐውድ ይነገር? ይህ ጥያቄ የሐኪም ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ቃልን ስንመዝን የምንውለው እኛስ ምን ሆነን ነው የቀረነው?

ለሙከራ ያህል ሁለት ስንኝ ቋጠርሁ፦

ንፍሮሽን ቀንሺ፣ ሽሮሽን አብዢ፤
በሽንኩርት በዝንጅብል ጓያሽን ግዢ።

ትልቅ ግጥም አይደለም፤ ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ የቆየች ሴት ግን ሁለቴ ሰምታ ልትይዘው ትችላለች። የመጨረሻዋ ቃል ታሳስበኛለች። «ግዢ» ስትል በወርቋ «ተቆጣጠሪው» ትላለች፤ የጥናቱ ቃል ግን አደጋው ቀነሰ እንጂ ጠፋ አላለም። ስለዚህ ስንኟ ከጓዳ ከመግባቷ በፊት አንድ አጥኚ ሊያያትና ሊያርማት ይገባል። እርሱ ቃሌን ያርምልኛል፤ እኔ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን አሳጥርለታለሁ። አጋርነት ሲባል የሚታየኝ እንዲህ ያለው ነው።

የከተማችንን ስም ይዞ ስለ ብርሃን መተረክ ቀላል ነውና አልፈዋለሁ። ደብረ ብርሃን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የጤና ሳይንስ ግቢውም በታላቁ ቀዶ ሐኪም በፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ስም ተሰይሟል። በሌላ ወገን እድሩ፣ ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አሉ። አዲስ አዳራሽ አያስፈልግም። የሰንበቴ ቤት ጠላው ከመቀዳቱ በፊት ያለች ሩብ ሰዓት ትበቃለች። ከንግግሩ በኋላ ግን ጥያቄና ክርክር ይኑር፤ የእማማ ዓይነቶቹ የሚያውቁትን ይናገሩ፣ አጥኚውም ማስታወሻ ይያዝ። ከእነርሱ ሰምቶ የማይጽፍ ተናጋሪ ሰባኪ እንጂ ተመራማሪ አይባልም።

ይህን ነገር ከልቤ ያስቸኮለኝ ዘመኑ ነው። ከተማችን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከየአቅጣጫው የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ወገኖችን ተቀብላለች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልላችን በገባበት ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር እህል ይወደዳል፤ የርዳታ ስንዴም ይዘገያል። የደላንታው ታሪክ የጀመረው ሌላው እህል ሲጠፋ ነበር። እዚህ ይደገማል ብዬ አልተነብይም፤ ቢመጣ ግን ጓዳው ሳይነገረው እንዳይደርስበት እሰጋለሁ።

ለንግግሩ ቀን እንኳ ሐሳብ አለኝ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ ሕዝባችንን ከጨረሰ በኋላ፣ ማንም መጽሔት ሳያሳትምለት፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። በዚያ ማታ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ወጥቶ ጭሱን ከብቦ ይቆማል። የጓያው እሸት የሚደርሰው ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ነው፤ ነቀላው በጥርና በየካቲት፣ ሁዳዴም ይከተላል። ዘንድሮ ኅዳር 12 ማታ አንድ ተመራማሪ ወደ ጠባሴ ብቅ ቢል፣ እማማን ከፊት አስቀምጬ እጠብቀዋለሁ።